ሬዞናንስ፦ ቤንዚን ከሁለቱ ሥዕሎች የትኛው ነው?

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አንድ የስም ነገር መጥራት አለበት። በሳልሚያ ወይም በፈርዋኒያ ማደያ ቆሞ «ባንዚን» ያለ ሰው ለመኪናው ነዳጅ ይቀዳለታል፤ በአገራችንም ቤንዚን ማለት ይኸው ነው። ይህ ግን የብዙ ነገሮች ቅልቅል ነው። የኬሚስትሪው ቤንዚን ስድስት ካርቦንና ስድስት ሃይድሮጂን ያለው አንድ ውሁድ ሲሆን፣ ከኩዌት ከተማ በስተደቡብ በሹዐይባ የኢንዱስትሪ ክልል ለብቻው የሚመረተው እርሱ ነው። ከዚህ በታች ቤንዚን ስንል ይህኛውን ነው።

ጀርመናዊው ኬኩሌ እ.ኤ.አ. በ1865 ስድስቱ ካርቦኖች በቀለበት እንደተያያዙ፣ ነጠላና ድርብ ቦንድም በመካከላቸው እንደሚፈራረቁ አስረዳ። ችግሩ ሥዕሉ ሁለት ሆኖ መገኘቱ ነው። በአንደኛው 1ኛውና 2ኛው ካርቦን በድርብ ቦንድ ሲያያዙ፣ በሌላው በነጠላ ይያያዛሉ። ኬኩሌ በ1872 ቦንዶቹ ያለማቋረጥ ቦታ ይለዋወጣሉ የሚል መልስ ሰጠ። ዛሬም ተማሪ ሳያስበው በፈተና ወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ይህንኑ ነው፤ ነጥብም ያስቀንሳል።

ልኬቱን እንመልከት። ነጠላ የካርቦን ቦንድ 1.54 አንግስትሮም፣ ድርቡ 1.34 ያህል ይረዝማል። በቤንዚን ውስጥ ስድስቱም እኩል ናቸው፤ 1.39 ያህል። «በፍጥነት ስለሚለዋወጥ አማካዩን ለካን» የሚል ቢኖር የሙቀቱ ሒሳብ ይመልስለታል። አንድ ድርብ ቦንድ ያለው ሳይክሎሄክሲን ሃይድሮጂን ሲጨመርበት በሞል 28.6 ኪሎካሎሪ ይሰጣል። ሦስት ድርብ ቦንድ 85.8 ሊሰጥ በተገባው ነበር፤ ቤንዚን የሚሰጠው 49.8 ብቻ ነው። የ36 ኪሎካሎሪ ጉድለት አለ ማለት ነው። ቤንዚን ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው የሚዘል ቢሆን ኖሮ ጉልበቱ የሥዕሎቹ ያህል በሆነ ነበር። እርሱ ግን ከሁለቱም በታች የረጋ ነው።

እንግዲህ ሊነስ ፓውሊንግ በ1930ዎቹ ያስፋፋው ሐሳብ ቤንዚን ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፣ ሁለትነቱ የአሣሣላችን ነው የሚል ነው። መምህራን በበቅሎ ይመስሉታል፤ በቅሎ ጠዋት ፈረስ፣ ማታ አህያ አትሆንም። አንዱን ሥዕል ብቻ ስሎ የሚያልፍ ተማሪም አባቷን ሲጠይቋት «ፈረስ አጎቴ ነው» ያለችውን በቅሎ ይመስላል። ሆኖም ምሳሌው ጉድለት አለበት፤ ፈረስና አህያ በሜዳ ላይ አሉ፣ የሬዞናንስ ሥዕሎች ግን ከወረቀት ውጭ የትም የሉም።

ለእኛ የሚቀርበው ሌላ ነው። ጫኔ የሚባል ተማሪ ስሙ በዐረብኛ ይጻፍ ቢባል ፊደሉ «ጨ» የለውም። አንዱ ጸሐፊ በሺን ብቻ፣ ሌላው በታእና በሺን ይጽፈዋል። ጫኔ ግን በሁለት ስም መካከል አይመላለስም፤ ጉድለቱ የፊደሉ ነው። የኬሚስትሪም ሰረዝ እንዲሁ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ይሰመራል እንጂ አንድ ተኩል አይሰመርም። ስለዚህ ሁለቱን ጽፈን በመካከላቸው ባለ ሁለት ራስ አንድ ቀስት እናደርጋለን። በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሰመሩት ሁለት ቀስቶች ግን እውነተኛ መለዋወጥን ስለሚያመለክቱ እዚህ ቦታ የላቸውም። (በዐረብኛ መጻሕፍት «ረኒን» የተባለው ስምም የደወልን ድምፅ ስለሚያስታውስ የሚወዛወዝ ነገር አለ ያሰኛል፤ አትመኑት።)

ሥዕል ስትለውጡ አቶሞቹን ከቦታቸው አትንኩ፤ የሚዛወሩት ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው፣ ቁጥራቸውም አይለወጥም። ሥዕሎቹም ሁልጊዜ እኩል አይመዝኑም፤ በአሴቶን ካርቦኑን ፖዘቲቭ፣ ኦክስጅኑን ኔጋቲቭ አድርጎ የሚያሳየው ሥዕል ድርሻው አነስተኛ ነው።

ይህን የያዘ ሰው የብሮሚንን ጥያቄ በቃሉ መሸምደድ አያስፈልገውም። ሳይክሎሄክሲን የብሮሚንን ቀለም ወዲያው ያጠፋል። ቤንዚን ግን እንደ ብረት ብሮማይድ ያለ ካታሊስት ካላገኘ ዝም ይላል፤ ሲያገኝም አንድ ሃይድሮጂን ለቆ በምትኩ አንድ ብሮሚን ይቀበላል እንጂ፣ ያንን 36 ኪሎካሎሪ ላለማጣት ቀለበቱን እንደነበረ ያቆየዋል።