የፊልም ፎቶግራፍ ለዛ በዲጂታል ካሜራ፦ ከእንጅባራው የፈረስ በዓል ምን እንማራለን?

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ርእሰ ከተማ በእንጅባራ ይከበራል። ዕለቱ ለፎቶግራፍ አንሺ ብርቱ ፈተና ነው፤ ጉራችና ዳማ ፈረስ፣ ነጭ የለበሰ ጋላቢ፣ በቀለማት ያጌጠ የፈረስ ዕቃና የቀትር ፀሐይ በአንድ ምስል ውስጥ ይገናኛሉ። ብዙዎች በዲጂታል ካሜራ ያነሡት ምስል የቀድሞውን የፊልም ፎቶግራፍ እንዲመስል በኮምፒዩተር ለረጅም ሰዓት ይደክማሉ። ይሁን እንጂ የፊልም ለዛ በአብዛኛው የሚገኘው በማንሣቱ ጊዜ እንጂ ከዚያ በኋላ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱን ከሳይንሱ ተነሥተን እንመለከታለን።

ጠጠርና ገንቦ

በፊልም ላይ የተቀባው ጄላቲን እጅግ ደቃቅ የሆኑ የብር ሃላይድ ክሪስታሎችን ይዟል። በቂ ብርሃን ያገኘ ክሪስታል ፊልሙ ሲታጠብ ወደ ብርነት ይለወጣል። ሁኔታውን ለመረዳት ጠጠር የተነጠፈበትን ደረቅ ግቢ እናስብ። ካፊያ ሲጀምር እያንዳንዱ ጠብታ ደረቅ ጠጠር ያርሳል፤ ዝናቡ ሲቀጥል ግን አብዛኛው ጠብታ የሚያርፈው አስቀድሞ በረጠበ ጠጠር ላይ ነው። በፊልምም ብርሃኑ ሲበረታ ምላሹ ቀስ በቀስ ይቀንሳል እንጂ በአንድ ጊዜ አይቆምም። ፈርዲናንድ ኸርተርና ቬሮ ድሪፊልድ እ.ኤ.አ. በ1890 ይህን ግንኙነት በግራፍ አሳይተዋል። የግራፉ የላይኛው ጫፍ እንደ ትከሻ ጎበጥ ይላል፤ በኔጋቲቭ ፊልም በተነሣ ነጭ ልብስ ላይ የምናየው ልስላሴም በአመዛኙ የዚህ ትከሻ ውጤት ነው።

የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ግን ከጣሪያ የሚወርድ ውኃ እንደሚጠራቀምበት ገንቦ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል በደረሰው ብርሃን ልክ ኤሌክትሮኖችን ያጠራቅማል፤ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይፈስሳል። በ8 ቢት ፋይል የመጨረሻው ቁጥር 255 ነው። የጋቢው ጥለትም እጥፋቱም በሙሉ 255 ሆኖ ከተመዘገበ በመካከላቸው ልዩነት የለም፤ ስለዚህ በኮምፒዩተር ብናጠቁረው የምናገኘው ልሙጥ ግራጫ ብቻ ነው።

በማንሣቱ ጊዜ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ብርሃኑን ለነጩ እንለካ። የካሜራ መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማቅረብ ይሞክራል፤ ጉራች ፈረስ ምስሉን ከሞላው ብርሃን ይጨምርና ነጩን ልብስ ያቃጥለዋል። እንዲህ ሲሆን የኤክስፖዠር ማስተካከያውን ወደ −1 ማውረድ፣ ማለትም ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ፣ ከዚያም በሂስቶግራሙ የቀኝ ጫፍ ላይ ክምር አለመኖሩን ማረጋገጥ ይገባል።

ሁለተኛ፣ የነጭ ቀለም ሚዛኑን በራስ ሰር ከመተው ይልቅ በቀን ብርሃን ላይ እናጽናው። ለቀን ብርሃን የተሠራ የቀለም ፊልም ለ5500 ኬልቪን ገደማ የተመጠነ ስለነበር ሚዛኑ በየምስሉ አይለዋወጥም ነበር። ራስ ሰሩ ሚዛን ግን ቀይ የፈረስ ዕቃ ምስሉን ሲሞላው ቀለሙን ሊያዛባ ይችላል፤ የአንድ ቀን ፎቶግራፎችም አንድነት ያጣሉ።

ሦስተኛ፣ ሰዓት እንምረጥ። በስሌት እንደምናገኘው ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፀሐይ ከሁሉ ከፍ የምትለው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ45 ገደማ ሲሆን፣ ከፍታዋም ከ60 ዲግሪ ይበልጣል። በዚህ ሰዓት የጋላቢው ዓይን በግንባሩ ጥላ ይዋጣል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ግን ከፍታዋ 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ብርሃኑ ፊትን ከጎን ያገኘዋል።

አራተኛ፣ በካሜራው ውስጥ ያለውን የንፅፅርና የስለት መጠን ዝቅ እናድርግ። ስለቱ ሲበዛ በነገሮች ዳር ፊልም የማያውቀው ጠንካራ መስመር ይፈጠራል።

ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። ብርሃን ሲቀነስ ጥላው ይጠቁራል፤ በኋላ ብናነሣውም የዲጂታል ነጠብጣብ ያወጣል። ቢሆንም የጨለመ ጥላ በከፊል ይመለሳል፤ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም። ስለዚህ ከጄፔጉ ጎን የሮው ፋይሉን ማስቀመጥን እንመክራለን፤ ባለ 14 ቢት ሮው በአንድ ፒክስል 16,384 ደረጃዎችን ሊይዝ ይችላልና።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ዳንግላ ተቀምጦ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ስለ ጣናና ዓባይ በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ፎቶግራፎችን ይዟል፤ የዚያን ዘመን አካባቢ ለማጥናት የሚሻ ሁሉ ዛሬም ይመለከታቸዋል። የእኛም ፎቶግራፎች ነገ እንዲሁ ይመረመራሉ። ልብሱ እንዴት እንደተሸመነ፣ ፈረሱ እንዴት እንደተሸለመ የሚጠይቅ ትውልድ መልስ የሚያገኘው በነጩ ውስጥ ዝርዝሩ ከተረፈ ብቻ ነው።