የልጅ ቁመት በጎተራ አይለካም
ስለ ገጠር ምግብ፣ ከብትና እርሻ የምናምነውና እውነታው

በሃቫና ስትሪት ዙሪያ፣ ከዴንቨር ምሥራቃዊ ጫፍ እስከ ኦሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለትውልድ ቀያችን ማዋጣት አይታክተንም። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ በክፉ ቀን ደግሞ ለእህል እናዋጣለን። ለገበሬው ላም እንግዛ፣ ለእናቶች ዶሮ እናከፋፍል የሚል ሐሳብም ይነሣል። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማቸው የኖርናቸው፣ እውነት የሚመስሉ አንዳንድ አባባሎች ያን በላብ የተገኘ ገንዘብ ልጁን ወደማይጠቅም ቦታ ይወስዱታል። ከእነሱ ጥቂቶቹን አንሥቼ እውነታውን ከጎናቸው ላስቀምጥ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የእኛ አገር ሰው አጭር ነው፤ ዘሩ ነው» የሚለው ከሁሉም ይቀድማል፤ ምክንያቱም ይህን ያመነ ሰው የቀረውን ነገር ለመስማት ምክንያት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1997 እስከ 2003 በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጡት በሚገባ የጠቡ፣ በቂ ምግብ ያገኙና ጤንነታቸው የተጠበቀ ሕፃናትን ቁመት አስለክቶ ነበር። እስከ አምስት ዓመታቸው ድረስ የአክራው፣ የኒው ዴልሂውና የኦስሎው ልጅ እድገት እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። ከእናትና ከአባት የሚወረስ ቁመት የለም ማለት አይደለም። በአንድ አገር ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ከዕድሜያቸው በታች ሲያጥሩ ግን ጥፋቱ የዘር ሊሆን አይችልም። ኔፓልን እንይ። በ2001 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 57ቱ ቀንጭረው፣ ማለትም ከዕድሜያቸው በታች አጥረው ነበር፤ በ2022 ወደ 25 ወርዷል። በኢትዮጵያም በ2000 የነበረው 58 በ2019 ወደ 37 ዝቅ ብሏል። በሃያ ዓመት ውስጥ የሕዝብ ዘር አይለወጥም፤ የተለወጠው የልጆቹ ኑሮ ነው።

መቀንጨርን ከባድ የሚያደርገው የቁመት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከጽንሱ ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ዓመቱ ያሉት 1,000 ቀናት አጥንትም አእምሮም የሚሠሩበት ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ምግብ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበትም ይሰጣል፤ የጎደለውን ግን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ትምህርት ቤት ለመሥራት የምናዋጣ ሰዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባል። የመጀመሪያ ክፍል በር ላይ የቆመው የሰባት ዓመት ልጅ ዕጣው በአብዛኛው ከአምስት ዓመት በፊት ተወስኗል።

ብዙዎቻችን አጥብቀን የምንይዘው ሌላው እምነት «እህል ካለ ልጅ አይጎዳም» የሚለው ነው። ጎጃም ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ መቀንጨር ሲነገረው ወሎና ዋግ ነው የሚታየው፤ የእርሱ አገር የጤፍና የበቆሎ አገር ነውና። በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በመቀንጨር ከክልሎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ያገኘው አማራ ክልልን ነው፤ ከ100 ልጆች 46። ሌላውን ሕዝብ የሚመግብ ጎተራ ያለው ክልል የራሱን ልጆች እንዲህ የሚያሳጥረው ለምንድን ነው?

መልሱ የሚገኘው ጎተራው ውስጥ ሳይሆን ልጁ በሚበላበት ሳሕን ላይ ነው። የስድስት ወር ሕፃን ሆዱ ትንሽ ነው። የሚሰጠው ቀጭን አጥሚት ወይም በሽሮ የራሰ እንጀራ ያን ትንሽ ሆድ ቶሎ ይሞላዋል፤ ሰውነት የሚገነባ ነገር ግን በውስጡ ጥቂት ነው። ብረት፣ ዚንክ፣ ቫይታሚን ኤ፣ የእንስሳት ፕሮቲን ይጎድለዋል። በዚያው በ2016 ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 23 ወር ከሆኑ 100 የኢትዮጵያ ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም የሚገባቸውን ምግብ ያገኙት 7ቱ ብቻ ነበሩ። ሰባት! ይህ በድርቅ ጊዜ የተገኘ የአንድ ወረዳ ቁጥር አይደለም፤ የአገሪቱ ነው።

በዚህ ላይ ውሃ አለ። ከኩሬ የተቀዳ ውሃ የሚጠጣ፣ ሽንት ቤት በሌለው ግቢ የሚድህ ሕፃን በየጊዜው ተቅማጥ ይይዘዋል፤ የበላው ምግብ ሳይዋሐደው ይወጣል። ስለዚህ ምንጭ ማጎልበትና የጉድጓድ ሽንት ቤት ማስቆፈር የሕፃን ምግብ ሥራ ናቸው። ቡና ላይ ተቀምጠን ስንመክር ግን በዚህ ስም ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም።

«እንቁላሉን እየሸጡ ልጁን ያስርባሉ፤ አያውቁም» የሚለው አነጋገር ያሳዝነኛል። እንቁላሉ የሚሸጠው ጨው፣ ጋዝ፣ ደብተርና መድኃኒት የሚገዙበት ሌላ ገንዘብ ስለሌለ ነው። እናቲቱ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ አርማና አጭዳ ስትመለስ ለሕፃኑ ለብቻው ገንፎ የምታገነፋበት ጉልበትም ጊዜም አይተርፋትም። በዚህ ጉዳይ የሚጠቅም ማስረጃ ከኔፓል መጥቷል። ለቤተሰቦች እንስሳ የሚሰጠው ሃይፈር ኢንተርናሽናል የተባለ ድርጅት በሚሠራባቸው መንደሮች የተካሄደና በ2020 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የማኅበረሰብ ልማት፣ የከብት እርባታና የምግብ ትምህርት በአንድ ላይ በደረሳቸው ቤቶች የልጆቹ አመጋገብም እድገትም ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ ተሻሽሏል። ትምህርት የሚሠራው የሚተገበርበት እንቁላልና ጊዜ ሲኖር ነው።

ስለ ጾም የሚነገረው ሁለት ተቃራኒ ስሕተት አለው። አንዱ ወገን «ጾሙ ነው ልጆቻችንን ያቀነጨራቸው» ይላል፤ ሌላው «ሕፃኑም ከቤተሰቡ ጋር ይጹም» ይላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጾም ግዴታ የሚሆነው ከሰባት ዓመት ጀምሮ ነው። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናትም ንስሐ አባቷ ሊያቀልላት ይችላል። ስለዚህ ሕጉ ሕፃኑን አያስርብም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ አጥኚዎች እናቶችን ሲጠይቁ ደጋግመው የሰሙትም ይህንኑ ነው። በጾም ወራት ወተት ወይም እንቁላል ከተሠራ ዕቃው ይነካካል፤ የቤተሰቡ ድስት ጾሙን ያስፈታል ተብሎ ይፈራል። ገበያውም በዚያ ወቅት ይቀዘቅዛል፤ ሥጋ ቤት ይዘጋል። ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ በሚጾሙበት አገር ይህ ከሕፃኑ 1,000 ቀናት ግማሽ ያህሉን ይነካል። መድኃኒቱ ደግሞ እጅግ ርካሽ ነው፤ ለሕፃኑ የራሱ ትንሽ ድስት፣ የራሱ ኩባያና ማንኪያ፣ እንዲሁም ካህኑ በዐውደ ምሕረት ቆመው ሕፃን እንደማይጾም መናገራቸው። ለደብራችን ጣሪያ ስናዋጣ ይህን አንድ ስብከት ደብሩን ብንለምን ከቆርቆሮው ያላነሰ ሥራ ይሠራል።

አሁን ወደ ላሟ ልምጣ። «ጥሩ የፈረንጅ ላም ብንሰጣቸው ያልፍላቸዋል» ይባላል። የአገራችን ላም በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር አካባቢ ነው የምትታለበው፤ ከፈረንጅ ዝርያ የተዳቀለችው ዲቃላ የዚያን ብዙ እጥፍ ልትሰጥ መቻሏም እውነት ነው። ነገር ግን ዲቃላዋ ገለባ በልታ አትታለብም። የለማ መኖ፣ ብዙ ውሃ፣ ጥላ፣ ክትባት፣ በጊዜው የሚደርስ አዳቃይ ቴክኒሻንና የእንስሳት ሐኪም ትፈልጋለች። እነዚህ በሌሉበት ቀበሌ የገባች ውድ ላም ባለቤቷን ለዕዳ ትዳርገዋለች።

ከዚህ የሚበልጠውን ትምህርት ግን አርሲ ከብዙ ዘመን በፊት አስተምራናለች። በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ አሰላን ማዕከል አድርጎ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና ዲቃላ ጊደሮች አቀረበ። ምርቱ አደገ፤ በዚህ ሰዎቹ የሚመሰገኑ ናቸው። እርሻው አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለርስቶች ግን ትራክተር አስገብተው ጭሰኞችን ከመሬቱ አፈናቀሉ። ዕቅዱ የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር፤ ጭሰኝነትን የሻረው የመሬት ዐዋጅ የመጣው ግን በ1975 ነው፤ ለብዙዎቹ ዘግይቷል። ምርት ማደጉና ድሃው ቤት መጥገቡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ላም ለልጅ አትጠቅምም ለማለት ግን አይደለም። በኢትዮጵያ ገጠር ተካሂዶ በ2015 የታተመ ጥናት ላም ባለበት ቤት ሕፃናት ወተት አብዝተው እንደሚጠጡና መቀንጨርም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ገበያ ቅርብ በሆነበት ግን የራስ ላም የመኖሩ ጥቅም ያን ያህል አይጎላም። ይህ ለእኛ ቀጥተኛ ምክር ነው። ከመንገድ በራቀ ቀበሌ ላም ወይም የወተት ፍየል መስጠት ያዋጣል፤ ለከተማ በቀረበው ግን የወተት መሰብሰቢያና መንገድ ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል።

ዶሮን በተመለከተ አጭር ነገር ልናገር። በ2016 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ገጠር ዶሮ ማርባት ለልጆች ቁመት እንደሚረዳ፣ ዶሮዎቹ ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ቤት ሲያድሩ ግን ጉዳት እንደሚታይ አሳይቷል። ኩሱ ሕፃኑ የሚድህበት መሬት ላይ ነውና። ዶሮ የሚሰጥ ማኅበር ቆጥ ከነቤቱ ይስጥ።

«ድሃ ገበሬ በነጻ ካልሰጡት አይጠቀምም» ለሚለው መልስ የሰጠው ሰው የእኛው ከተማ ነዋሪ ነበር። ፖል ፖላክ በልጅነቱ ከቼኮዝሎቫኪያ ከቤተሰቡ ጋር ተሰዶ ካናዳ ያደገ፣ በኋላም በዴንቨር የአእምሮ ሐኪም የሆነ ሰው ነው። በ1982 አይ.ዲ.ኢ. የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በ2019 አረፈ። ድርጅቱ ዛሬም ዴንቨር ሆኖ ኔፓልንና ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ይሠራል። ፖላክ ከገበሬዎች ጋር ማሳቸው ላይ ተቀምጦ እያወራ የደረሰበት ድምዳሜ፣ ገበሬው ዋጋው ከአቅሙ ጋር ከተመጣጠነ በእግር የሚረገጥ የውሃ ፓምፕም ሆነ የጠብታ መስኖ ገዝቶ ይጠቀማል፤ መለዋወጫና ጠጋኝ በሰፈሩ ካለ ደግሞ ይንከባከበዋል የሚል ነው። እኔ ከዚህ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ። ጎተራው ለተሟጠጠበት ቤት ግን ሽያጭ መልስ አይሆንም። ለዚያ ቤት በ2005 በኢትዮጵያ የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ዓይነት ድጋፍ ያስፈልጋል።

ኔፓልን ደጋግሜ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በኦሮራ ኔፓልኛ ተናጋሪ ጎረቤቶች አሉን፤ ብዙዎቹ ከቡታን ተባረው በኔፓል መጠለያ ካምፖች ዓመታት ከቆዩ በኋላ ከ2008 ጀምሮ አሜሪካ የገቡ ናቸው። «ተራራማና ድሃ አገር ምን ያስተምረናል?» ማለት ያስቆጫል፤ እኛም ተራራማ ነን። ኔፓል ከ1988 ጀምሮ በየመንደሩ የሴት የጤና በጎ ፈቃደኞችን አሰማርታለች፤ ቁጥራቸው ከ50,000 ያልፋል። ኢትዮጵያም በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሟን ጀምራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን በቀበሌ አሰማርታለች። ከላይ ያነሣሁት ሃይፈር ደግሞ እንስሳ የሰጠው ቤተሰብ ከሚወለዱት ሴቷን ለሌላ ችግረኛ እንዲያስተላልፍ ያደርጋል። ይህ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ከብት በርቢ ሰጥቶ ጥጃውን መካፈልን አያቶቻችን ያውቁበት ነበር።

የኢትዮጵያ መንግሥትም በሐምሌ 2015 በዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ የተሰየመ ቃል ኪዳን ገብቷል፤ በ2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት መቀንጨርን ማስቀረት። ሥራው የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ 33 ወረዳዎች ነው። ጤና፣ ግብርና፣ ውሃና ትምህርት በአንድ ዕቅድ እንዲሠሩ መደረጉ ትክክለኛ መንገድ ይመስለኛል። በ2020 የተነሣው ጦርነት ያለፈው በእነዚያው ወረዳዎች ላይ መሆኑ ግን ልብ ያደማል።

እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንን «ይህ አይነካቸውም» የሚለውም ስሕተት ነው። ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ ሕፃን የላም ወተት ብቻ እየጠጣ ሌላ ምግብ እምቢ ካለ የደም ማነስ ሊይዘው ይችላል። ሐኪሞች በቀን ከ700 ሚሊ ሊትር አካባቢ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ጡት ብቻ ለሚጠባ ሕፃን የቫይታሚን ዲ ጠብታ ይታዘዛል፤ ቆዳችን ጠቆር ያለ በመሆኑ በኮሎራዶ ክረምት ይህን መዘንጋት የለብንም። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶችና እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች ዊክ የተባለው ፕሮግራም ምግብና ምክር ይሰጣል፤ የመኖሪያ ፈቃድም አይጠይቅም። በ1609 ሃቫና፣ ቀድሞ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን በነበረው ሕንጻ ያለው ቪሌጅ ኤክስቼንጅ ሴንተርም ለተቸገረ ቤተሰብ ምግብ ያድላል።

የማኅበራችን ቀጣይ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ገንዘቡ ለሚሄድበት ወረዳ የጤናና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ደብዳቤ ልንጽፍላቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። በቀበሌው ከሁለት ዓመት በታች ስንት ሕፃናት አሉ? ቁመታቸው የሚለካው በየስንት ጊዜው ነው? እናቶቹ ውሃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት ይሄዳሉ? ልንገዛው ያሰብነው ከብት መኖው ከየት ይመጣል? ወተቱንስ ማን ይጠጣዋል?