የመኪና ወንበር ቆዳ እንዴት ይጸዳል? በምንስ ይለሰልሳል?

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ወባ፣ ስለ አፈር መሸርሸር፣ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ ተጽፎ አንብበናል። ስለ መኪና ወንበር ግን የጻፈ የለም። «ብስክሌት እንኳ የሌለው እጩ መምህር ስለ መኪና ወንበር ምን አገባው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ ዋጋ ከፍዬበታለሁ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰድኩ በኋላ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ላቫጆ ተቀጥሬ መኪና አጥብ ነበር። አንድ ቀን ከባቲ በኩል አቧራ ለብሳ የመጣች ላንድክሩዘር ገባች። ወንበሮቿ ክሬም ቀለም ያላቸው ቆዳ ናቸው፤ ቀለሙ ግን በላብና በአቧራ ተሸፍኖ ወደ ቡናነት ሄዷል። ባለቤቱ «ልጄ፣ ወንበሩን አደራ!» ብለውኝ ሻይ ሊጠጡ ሄዱ። እኔ ደግሞ አደራ በጉልበት የሚወጡት መሰለኝና ኦሞ በሙቅ ውሃ በጥብጬ፣ ለጎማ በምንጠቀምበት ብሩሽ ፈተግሁት። ቆሻሻው ለቀቀ፣ አረፋው ጠቆረ፣ እኔም ደስ አለኝ። ሲደርቅ ግን ወዙ ጠፍቶ ገረጣ። ምን ይሻላል ብዬ ከጎናችን ካለችው ሻይ ቤት የምግብ ዘይት ለምኜ ቀባሁት። አበራ! ባለቤቱም ተደስተው ጉርሻ ሰጥተውኝ ሄዱ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሱ። ዘይቱ አቧራ ስቦ ወንበሩ እንደ ምጣድ ማሰሻ ጨርቅ ሆኗል፤ ሲነኩት ይጣበቃል፣ ሲጠጉት ይሸታል። በሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ላይ ደግሞ እንደ ደረቀ ኩሬ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ቦታ ወጥቷል። «ቆዳውን እኮ ጠበስክብኝ!» አሉኝ። የዚያ ወር ደመወዜ ወንበሩን ላደሰው ባለሙያ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ስንጥቁ ሁሉ የኔ ሥራ ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ቆዳው ቀድሞውንም ያረጀ ነበር። ብቻ እኔ አባባስኩት። ለምን እንደሆነ የገባኝ ግን እዚህ ከገባሁ በኋላ፣ የኬሚስትሪ መምህራችንን እየጠየቅሁ ነው።

ለመሆኑ ቆዳ ምንድን ነው? ከከብቱ የተገፈፈ ጥሬ ቆዳ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ወይ ይበሰብሳል ወይ ደርቆ ቁርበት ይሆናል። አብዛኛው አካሉ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ቀጫጭን ክር ሆኖ፣ እንደ ሸማ ድርና ማግ በሁለት አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን በሁሉም አቅጣጫ የተጠላለፈ ነው። ቆዳ ሳይቀደድ የሚለመጠው በዚህ ምክንያት ነው። ማልፋት ማለት ታዲያ ይህ ክር እንዳይበሰብስና እንዳይጣበቅ ማድረግ ነው። አያቶቻችን ስልቻውን፣ አቁማዳውን፣ ጀንዲውን፣ የበቅሎ ኮርቻውን በእጅ ፍቀው፣ በእግር አሽተው፣ ቅቤ አጠጥተው ነው ያለሰለሱት። ፋቂ እየተባለ ሲናቅ የኖረው ሰው የሚሠራው ሥራ የለየለት ኬሚስትሪ ነበር።

የፋብሪካው መንገድ ሌላ ነው። በኖራ ጠጉሩ ከለቀቀ በኋላ ቆዳው በክሮም ጨው ይለፋል። በክሮም የማልፋትን ዘዴ ኒውዮርክ ላይ በ1884 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት አውግስጦስ ሹልትስ የሚባል ሰው ነበር። የሁለቱን ልዩነት ለማየት ሙቅ ውሃ ይበቃል፦ ጥሬ ቆዳ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ይኮማተራል፤ በክሮም በደንብ የለፋው ግን የፈላ ውሃ ይችላል። ቀጥሎ በትልቅ ተሽከርካሪ በርሜል ውስጥ ከውሃ ጋር የተዋሐደ ቅባት ይጠጣል። ቅባቱ እያንዳንዱን ክር ይሸፍነውና ክሮቹ አንዱ በሌላው ላይ እንዲንሸራተቱ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ ለመኪና ወንበር የሚሆነው ቆዳ ቀለምና ከወረቀት የሳሳ መከላከያ ልባስ ይቀባል። ይህን ልባስ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ወሎ ለቆዳ እንግዳ አይደለም። በቦርከና ዳር ያለችው ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ናት። ባቲማ ስሟ ራሱ በዓለም የቆዳ ንግድ የፍየል ቆዳ ዓይነት መጠሪያ ሆኗል። «ባቲ» ሲባል ነጋዴው የሚያውቀው ወፈር ያለ፣ ተለማጭና ውስጡ ንጹሕ የሆነ፣ ሻካራ ፊት ላለው ቆዳ የሚመረጥ የፍየል ቆዳ ነው። የመኪና ወንበር ግን ከፍየል አይሠራም፤ ሰፊና ጠንካራ ቆዳ ስለሚያስፈልገው የከብት ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። የለፋ ቆዳ በተፈጥሮው አሲድነት አለው፤ ፒኤቹ ከ3.5 እስከ 5 ገደማ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ደግሞ በውሃ ሲበጠበጥ ወደ 10 ይጠጋል። «የ5 ቁጥር ልዩነት ምን አላት?» እንዳትሉ። በፒኤች አቆጣጠር አንድ ቁጥር 10 እጥፍ ስለሆነ 5 ቁጥር ማለት 100,000 እጥፍ ነው። ኦሞው ልባሱን አዳከመው፣ የጎማ ብሩሹ ጫረው፤ በተጫረበትና በስፌቱ ቀዳዳ በኩል ሙቅ ውሃው ገብቶ ክሮቹን የሸፈነውን ቅባት አጠበው። ሲደርቅ ክር ከክር ተጣበቀ። የተጣበቀ ክር ደግሞ ሰው ሲቀመጥበት አይለመጥም፣ ይሰነጠቃል። የምግብ ዘይቱስ? ልባሱ ደህና በሆነበት ቦታ ወደ ውስጥ መግባት ስላልቻለ ላይ ቀረ፤ ከአየር ጋር ሲቆይ ደግሞ ተበላሸና እንደ ሙጫ ያዘ። ምጣድ ላይ የተረሳ ዘይት የሚሆነውን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ትክክለኛው አሠራር ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ ወንበሩ በእርግጥ ቆዳ መሆኑ ይታወቅ። በሚኒባስና በባጃጅ ላይ የምናየው አብዛኛው ፕላስቲክ የተቀባ ጨርቅ ነው፤ ሰው «ሌዘር» ይለዋል እንጂ በሬ አይቶት አያውቅም። ከወንበሩ ሥር እጅ አስገብቶ የጀርባውን ፊት ማየት ነው፦ ሸካራ የቆዳ ጭረት ከሆነ ቆዳ፣ የተሸመነ ጨርቅ ከሆነ ሰው ሠራሽ። ሰው ሠራሹን ለስላሳ ሳሙናና እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል፤ የቆዳ ቅባት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። በብዙ መኪና ላይ ደግሞ የምንቀመጥበት ፊት ቆዳ፣ ጎኑና ጀርባው ሰው ሠራሽ ሆኖ ይገኛል፤ ይህ እኔንም ሁለት ጊዜ አሳስቶኛል። ቆዳ ከሆነ ደግሞ በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጎ መጠበቅ። ውሃው ድቡልቡል ሆኖ ከቆመ ልባሱ አለ፤ ሰርጎ ቦታውን ካጠቆረው ልባስ የለውም ወይም አልቋል፤ እንዲህ ያለውን በጣም በትንሽ ውሃ ብቻ መንካት ይገባል።

ከዚያ አቧራው በደረቁ ይጠረግ፣ በተለይ ከስፌቱ ውስጥ። አቧራ ማለት የደቀቀ ድንጋይ ነው፤ ሳይጠርጉ በእርጥብ ጨርቅ መፈተግ ቆዳን በብርጭቆ ወረቀት እንደ ማሸት ይቆጠራል። ከተገኘ ለቆዳ የተዘጋጀ ማጽጃ፣ ካልተገኘ ጠንካራ ያልሆነ የፈሳሽ ሳሙና ጥቂት ጠብታ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ። ውሃው ወንበሩ ላይ አይደፋም! ስፖንጁ ተነክሮ ይጨመቅና አረፋው ብቻ ቀስ እየተባለ፣ ትንሽ ትንሽ ቦታ እየተያዘ ይሻሻል። ቆሻሻ ለያዘው ሽብሽብ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይሆናል። ወዲያው በንጹሕ ውሃ ነክረው በጨመቁት ጨርቅ ሳሙናውን ማንሳት፣ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፣ በሮቹን ከፍቶ ጥላ ሥር ማቆም ነው። ፀሐይ ላይ ማድረቅ አይደረግም። ውሃ በስፌቱ ገብቶ ስፖንጁን ካራሰው ደግሞ በደሴ ብርድና ጉም ቶሎ ስለማይደርቅ ሻጋታ ይከተላል።

ቤንዚን፣ ቲነር፣ አሴቶንና በረኪና ከቆዳ ወንበር አጠገብ መድረስ የለባቸውም። ልባሱን ከነቀለሙ ያነሱታል። በተለይ እኛ እስክሪብቶ በኪሳችን ይዘን የምንዞር ሰዎች ቀለም ካፈሰስን ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ጫን አድርጎ መምጠጥ እንጂ አልኮል ወይም ሽቶ መፈለግ አይገባም፤ ቀለሙ ሲሄድ ቆዳውንም ይዞ ይሄዳል።

ስለ ማለስለሻው ብዙ ክርክር አለ። ሾፌሮች ቫዝሊን የሚሉ አሉ፣ ቅቤ የሚሉ አሉ፣ የጫማ ቀለም የሚቀባም አይቻለሁ (ነጭ ሱሪ የለበሰ ተሳፋሪ ወዮለት)። ቅቤ ለስልቻ ጥሩ ነው፤ ስልቻ ልባስ የለውምና ይጠጣዋል። ልባስ ባለው ወንበር ላይ ግን ቅቤም ሆነ ቫዝሊን ላይ ተኝቶ አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ ሥራ የለውም። የሚሻለው ለቆዳ ተብሎ የተሠራው፣ ከውሃ ጋር የተዋሐደ ክሬም ነው። በንጹሕ ጨርቅ በጣም በስሱ ይቀባል፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ የተረፈው በደረቅ ጨርቅ ተወልውሎ ይነሣል። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል። ክሬሙ «ቆዳውን ይመግባል» የሚሉ ሻጮች አሉ፤ ቆዳ ከሞተ ቆይቷል፣ አይበላም። ክሬሙ ልባሱን ከሰበቃ ይጠብቃል፣ ልባሱ በሳሳበት ቦታም ጥቂት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ያለፈ ተአምር የለውም። የተሰነጠቀውንም አይመልስም። እኔ እንዲያውም ከቅባቱ ይልቅ ጽዳቱ ይበልጣል እላለሁ፤ ላብና አቧራ ሳይቆይ የሚነሣለት ወንበር ብዙ ቅባት ባያይም ዕድሜ አለው።

የኛ አገር መንገድም ድርሻ አለው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን በሐረጎ ጠመዝማዛ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,850 ገደማ ያወርዳል። በየኩርባው የሾፌሩ ሰውነት ወደ ቀኝ ወደ ግራ ይንሸራተታል፤ ወንበሩ መጀመሪያ የሚላጠው ጎኑ ላይ የሆነው ለዚህም ጭምር ነው፣ መግቢያና መውጫውም በዚያው ጠርዝ ላይ ነውና። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ደግሞ ፀሐይ አለ። መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጡ ምን እንደሚመስል የገባበት ያውቀዋል፤ ሙቀቱና ብርሃኑ ልባሱን ያደርቁታል። ጥላ ከጠፋ ከፊት መስታወት ሥር ካርቶን ማቆም፣ ወንበሩንም በአሮጌ ነጠላ መሸፈን ጠቃሚ ነው። ዋጋው ምንም ነው።

ለማስተማር ልምምድ ይሆነኛል ብዬ ባለፈው ሳምንት ከአንድ ጫማ ሰፊ ሦስት የቆዳ ቁራጭ ለምኜ ሞክሬዋለሁ። አንዱን በሙቅ ኦሞ ሌሊቱን ዘፍዝፌ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፤ ሁለተኛውን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጠርጌ ጥላ ሥር አኖርኩት፤ ሦስተኛውን ምንም አልነካሁትም። የኦሞው ገርጥቶ እንደ ካርቶን ገትሯል፤ ሁለቱ ግን በእጅ ሲታጠፉ ልዩነታቸው አይታወቅም። ሦስቱንም ቁጥር ለጥፌባቸው በሳይንስ ክፍሉ መስኮት ላይ አስቀምጫለሁ፤ የፈለገ ሰው አጥፎ ማየት ይችላል። ሲጨርስ ግን እዚያው ይመልስልኝ፤ ለልምምድ ትምህርቴ እፈልጋቸዋለሁ።