ሞተር ሳይክል ስንሰጥ የራስ ቁሩን አንርሳ



መኪና በማይገባበት ቀበሌ ክትባት የሚያደርሰው የጤና ሠራተኛ፣ ገበሬውን የሚያማክረው የእርሻ ባለሙያና በየአጥቢያው የሚዘዋወረው ወንጌላዊ ብዙ ጊዜ የሚጓዙት በሞተር ሳይክል ነው። ለመግዣው ገንዘብ የሚያዋጡ ምእመናንም አሉ። ይሁን እንጂ ለአገልግሎት የተሰጠው ሞተር ጥንቃቄ ከጎደለው ለአገልጋዩ ቤተሰብ የኀዘን ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስለ ራስ ቁር፣ ማለትም ብዙዎቻችን ሄልሜት ስለምንለው መከላከያ፣ ጥቂት ልናስረዳ እንወዳለን።

መኪና የሚነዳ ሰው ዙሪያውን በብረት የተከበበ ነው። ሞተር ነጂ ግን ይህ ከለላ የለውም፤ ሞተሩ ተጋጭቶ ሲቆም እርሱ በነበረው ፍጥነት ወደ ፊት ይወረወራል። በገጠር መንገድ ደግሞ ጠጠሩ፣ ጭቃውና በድንገት የሚያቋርጠው ከብት አደጋውን ያብሰዋል።

የተሰበረ እግር ታክሞ ሊድን ይችላል፤ የተጎዳ አንጎል ግን ብዙ ጊዜ እንደ ቀድሞው አይመለስም። ራስ መሬት ሲመታ የራስ ቅል በድንገት ይቆማል፤ ለስላሳው አንጎል ግን ከአጥንቱ ጋር ይላተማል። በዚህም ሊደማና ሊያብጥ ይችላል። የራስ ቁር ጠንካራ ቅርፊት የምቱን ኃይል በሰፊው ይበትናል፤ ውስጡ ያለው ወፍራም ፎም ደግሞ እየተጨፈለቀ ኃይሉን ይቀበላል። አንድ ጊዜ የተጨፈለቀ ፎም ስለማይመለስ፣ አደጋ ያየ የራስ ቁር ከውጭ ደኅና ቢመስልም መለወጥ አለበት።

ይህ እውቀት በብዙ ሕይወት የተገዛ ነው። የዐረቢያው ሎውረንስ በመባል የታወቀው ብሪታንያዊ እ.ኤ.አ. በ1935 ያለ ራስ ቁር ሞተር ሲነዳ ወድቆ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ ጉዳዩን ለዓመታት መርምረው በ1941 የራስ ቁርን ጥቅም የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ፤ በዚያው ዓመትም የብሪታንያ ጦር ሞተረኞቹ ሁሉ እንዲያደርጉት አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ 61 ጥናቶችን ያገናዘበ ምርመራም የራስ ቁር በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

“ቅርብ ነው የምሄደው”፣ “ይሞቃል” የሚሉትን ምክንያቶች ሁላችንም እናውቃለን። አደጋ ግን የመንገዱን ርዝመት አይጠይቅም። ስለሆነም የሚከተሉትን እናስታውስ፦

የራስ ቁሩ በልክ ይሁን፤ ራስን ስንነቀንቅ መዟዟር የለበትም።

የአገጩ ማሰሪያ ሁልጊዜ ይታሰር። ያልታሰረ የራስ ቁር ከሰውየው ቀድሞ ይወድቃል።

የግንባታ ሠራተኛ ቆብ ለሞተር አልተሠራም።

ከኋላ የሚቀመጠውም ሰው አንጎሉ እንደ ነጂው ነው፤ ለእርሱም ይዘጋጅ።

የፕሮጀክት ኃላፊዎች ሆይ፣ የሞተሩን ቁልፍ ከራስ ቁሩ ለይታችሁ አትስጡ። እናንተም በየጉባኤው ሞተር ለመግዛት የምታዋጡ ወገኖች፣ የሁለት የራስ ቁር ዋጋ በሒሳቡ ውስጥ መኖሩን ጠይቁ። የላክነው አገልጋይ ሥራውን ፈጽሞ ማታ ወደ ልጆቹ በደኅና ሲመለስ ስጦታችን ያን ጊዜ ሙሉ ይሆናል።