የፕሪንተር ፕሮፋይልና የማኛ ጤፍ ፎቶ

የፕሪንተር ፕሮፋይል አንድ ፕሪንተር በተወሰነ ኢንክና በተወሰነ ወረቀት ላይ የትኛውን ቀለም እንዴት እንደሚያወጣ በቁጥር የሚመዘግብ ፋይል ነው። የፋይሉን ቅርጽ የደነገገው በ1993 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የቀለም ጥምረት፣ በምህጻሩ አይሲሲ፣ ነው። ከፕሪንተሩ፣ ከኢንኩና ከወረቀቱ አንዱ ከተለወጠ መዝገቡ አይሠራም። ስለዚህ የፕሪንተሩን ታንክ ባገኘው ኢንክ እየሞላ፣ በተገኘው ፎቶ ወረቀት ለሚያትም ስቱዲዮ ከአምራቹ የመጣው ፕሮፋይል እምብዛም አይረዳውም፤ የራሱን መሥራት አለበት።

አሠራሩ አጭር ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለቀለም ካሬዎች ያሉት ሰንጠረዥ ይታተማል፤ ከደረቀ በኋላ እያንዳንዱ ካሬ ስፔክትሮፎቶሜትር በተባለ የቀለም መለኪያ ይለካል፤ ሶፍትዌሩም ከልኬቱ ፕሮፋይሉን ያሰላል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከስሌቱ በፊት ነው።

ጥፋቱን ለማጋለጥ ከእህል በረንዳ ጤፍ የተሻለ መፈተኛ ፎቶ ማግኘት ያስቸግራል። በበርበሬ ፎቶ ላይ ትንሽ ማጀንታ ቢበዛ ማንም ልብ አይለውም። ማኛ ጤፍ ግን ለግራጫ የቀረበ ፈዛዛ ክሬም ስለሆነ ያው ትንሽ ማጀንታ ወዲያው ያቀላዋል። ጤፍ በንጣቱ በሚተመንበት ገበያ፣ ማኛው ሰርገኛ መስሎ የወጣበት ማስታወቂያ ባይሰቀል ይሻላል።

ፎቶው በሙሉ ከቀላ ወይም ከልክ በላይ ከደመቀ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የቀለም እርማቱ ሁለት ጊዜ መደረጉ ነው። ፎቶሾፕ በፕሮፋይሉ ካረመ በኋላ የፕሪንተሩ ድራይቨርም የራሱን እርማት ይጨምራል፤ የድራይቨሩ መዘጋት አለበት። የባሰው ሰንጠረዡ ራሱ በድራይቨሩ ታርሞ ከታተመ ነው። ያኔ ስህተቱ ፕሮፋይሉ ውስጥ ስለሚቀበር ሰንጠረዡን ያለ ምንም እርማት እንደገና ከማተም በቀር መፍትሔ የለውም። ለሰንጠረዡ የተመረጠው የወረቀት ዓይነትና የጥራት ደረጃም ለፎቶው ሳይለወጥ ይደገማል፤ የሚረጨውን የኢንክ መጠን የሚወስኑት እነዚህ ናቸውና።

ካሬዎቹ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ከታዩ ኢንክ ከሚረጩት ኖዝሎች አንዳንዶቹ ተደፍነዋል። የፕሪንተሩ ሄድ ሳይጸዳ ታትሞ የተለካ ሰንጠረዥ የተደፈነ ፕሪንተርን ነው የሚመዘግበው። ኢንኩ እየደረቀ ሲሄድ ቀለሙ ስለሚለወጥም ከመለካት በፊት አንድ ሙሉ ቀን መጠበቅ ይመከራል። ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ በመጀመሪያ የሚዘለለው ግን ይኸው ነው።

ይበልጥ ስውሩ ጥፋት ከወረቀቱ ይመጣል። እጅግ ነጭ የሚመስሉ ወረቀቶች አልትራቫዮሌትን ተቀብለው ሰማያዊ ብርሃን የሚመልስ ማንጫ አላቸው። የመለኪያ መሣሪያው ይህን ሰማያዊነት እንደ ወረቀቱ ቀለም ሲያነብ ፕሮፋይሉ ለማካካስ ቢጫ ይጨምራል፤ ማኛውም ይበልዛል። ኤም2 የተባለው የልኬት ስልት አልትራቫዮሌትን ያስቀራል፤ ኤም1 ደግሞ በቀን ብርሃን ልክ ያካትተዋል። ማንጫ የሌለው ወረቀት ከተገኘ ግን ከሁለቱም ይቀልላል።

ፕሮፋይሉ የሚሰላው 5000 ኬልቪን ገደማ ለሆነ፣ ዲ50 ለተባለ ብርሃን ነው። እህል በረንዳ ደጃፍ ላይ ልክ የነበረው ህትመት መደብሩ ውስጥ፣ በኤልኢዲ አምፖል ሥር፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሊመስል ይችላል። ይህን ሌላ ፕሮፋይል በመሥራት ለማረም መሞከር ወረቀት ማባከን ነው። ህትመቱ ጠቆረ የሚለውም ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ከደመቀ ስክሪን የሚመጣ ሲሆን፣ ድምቀቱን በካሬ ሜትር ወደ 100 ካንዴላ ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል።