ሁለቱም ይዞራሉ

ጨረቃ መሬትን ትዞራለች ስንል የተናገርነው ግማሹን ነው። መሬትም ዝም ብላ አትቆምላትም፤ ሁለቱ አብረው የሚዞሩት የጋራቸውን የመጠነ ቁስ ማዕከል ነው። መሬት በመጠነ ቁስ ከጨረቃ 81 ጊዜ ያህል ስለምትበልጥ ማዕከሉ ወደ እሷ ያደላል፤ ከእግራችን በታች 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠልቃል። የፕሉቶና የጨረቃዋ የካሮን ግን ከሁለቱም ውጭ ነው፤ ካሮን በመጠነ ቁስ የፕሉቶን አንድ ስምንተኛ ያህል ስለሆነች ማዕከላቸው ባዶ ሕዋ ላይ ያርፋል።

ሁለት አካላት በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ ስሌቱ ይወሳሰባል። መውጫው ደስ ይላል፦ አንዱን ቆሟል ብለን እንተወውና በሌላው ቦታ የተቀነሰ መጠነ ቁስ እናስገባ። ይህም የሁለቱ መጠነ ቁሶች ብዜት ለድምራቸው ሲካፈል የሚገኘው ነው። እኩል ከሆኑ የአንዱ ግማሽ ይሆናል፤ አንዱ እጅግ ከገዘፈ ደግሞ ከትንሹ በጥቂት ያንሳል። ግምት እንዳይመስላችሁ። የሚሳሳቡት እርስ በርስ ብቻ እስከሆነ ድረስ ውጤቱ ቅንጣት አይዛነፍም።

ያቺ «ጥቂት» ናት እንግዲህ ኒልስ ቦርን የታደገችው። ኤድዋርድ ፒከሪንግ በ1896 እ.ኤ.አ. ከአንድ ኮከብ ብርሃን ውስጥ እንግዳ መስመሮችን አይቶ ነበር፤ አልፍሬድ ፋውለር ደግሞ በ1912 ሃይድሮጅንና ሂሊየም ከተቀላቀሉበት ቱቦ አወጣቸው። ሁለቱም የሃይድሮጅን ናቸው አሉ። ቦር በ1913 የአቶም ንድፉን ይዞ መጣና የለም፣ አንድ ኤሌክትሮን የጎደለው ሂሊየም ነው አለ። የሂሊየም ኒውክለስ ሙል የሃይድሮጅን እጥፍ ስለሆነ፣ በንድፉ መሠረት የሁለቱን መስመሮች ቦታ የሚወስኑት ቋሚ ቁጥሮች ንጽጽር የሁለት ካሬ፣ ማለትም ልክ 4 መሆን ነበረበት።

ፋውለር አልተዋጠለትም፤ ልኬቱ 4.0016 ይላል። ለሌላ ሙያ ይህ ልዩነት ከቁጥር አይገባም፤ የብርሃን መስመር ለሚለካ ሰው ግን ንድፉን ለመጣል ይበቃል። ቦር የመለሰው ኒውክለሱም ይንቀሳቀሳል ብሎ ነው። የሃይድሮጅን ኒውክለስ ከኤሌክትሮኑ 1,836 ጊዜ ቢከብድም ትንሽ ይወዛወዛል፤ የሂሊየሙ ደግሞ የእሱን አራት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ያነሰ ይወዛወዛል። በተቀነሰው መጠነ ቁስ እንደገና ሲያሰላው 4.00163 ወጣ። ተቃውሞ ተብሎ የመጣው ቁጥር ዞሮ ምስክር ሆነለት። በፊዚክስ ታሪክ ከዚህ የተሻለ መልስ ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም።

ሃሮልድ ዩሪ በ1931 ይህንኑ መንገድ ገልብጦ ሄደበት። ሃይድሮጅን ኒውክለሱ እጥፍ የከበደ ወንድም ካለው፣ የተቀነሰው መጠነ ቁስ በጥቂቱ ይጨምራል፤ መስመሮቹም ይሸሻሉ። 656.28 ናኖሜትር ላይ ያለው ቀዩ መስመር ለምሳሌ በ0.18 ናኖሜትር ወደ አጭሩ በኩል መሄድ አለበት። ዩሪ ቦታዎቹን አስቀድሞ አስልቶ፣ ከተነነ ፈሳሽ ሃይድሮጅን በተረፈው ጋዝ ውስጥ ፈለገ። ደብዛዛ መስመሮች እዚያው ተገኙ። ያ ከባድ ወንድም፣ ዲዩቴሪየም፣ የታወቀው በዚህ ነው፤ ለዩሪም በ1934 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው።