ጲላጦስና የቂሣርያው ድንጋይ

ውድ ልጆች፣ በቅዳሴ ጊዜ ጸሎተ ሃይማኖትን ስታደርሱ የአንድ ሮማዊ ገዢ ስም ትጠራላችሁ፤ ጰንጤናዊ ጲላጦስ። ይህ ሰው ነቢይ አይደለም፤ ሐዋርያም አይደለም። ታዲያ ስሙ በጸሎታችን ውስጥ ለምን ገባ? አባቶቻችን የጌታችን ስቅለት በታወቀ ዘመንና በታወቀ ገዢ ፊት የተፈጸመ እንጂ ዘመኑ እንደማይታወቅ ተረት አለመሆኑን ለመመስከር ነው።

ከመካከላችሁ አንዱን የትምህርት ቤት ጓደኛው፣ «ስለ ክርስቶስ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የጻፈ ሰው አለን?» ብሎ ጠይቆት ይሆናል። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ሊያስቆጣችሁም አይገባም። የታሪክ ሊቃውንትም ይህንኑ ሲጠይቁ ኖረዋል። መልሱንም የሚፈልጉት የጥንት መጻሕፍትን እርስ በርስ በማመሳከርና በምድር ውስጥ የተቀበረውን ቆፍሮ በማውጣት ነው። ሥራቸውን በጲላጦስ ታሪክ እንመልከተው።

ጲላጦስ ይሁዳን የገዛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ26 እስከ 36 ዓ.ም. ነው። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) መቀመጫው በባሕር ዳር ያለችው ቂሣርያ ነበረች። በታላላቅ በዓላት ሕዝቡ ሁከት እንዳያነሣ ለመጠበቅ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣ ነበር። በፋሲካ ሰሞን በዚያ መገኘቱም ከዚህ ልማድ ጋር ይስማማል።

በ1961፣ በእኛ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም.፣ በአንቶኒዮ ፍሮቫ የሚመሩ ኢጣልያውያን በቂሣርያ የነበረውን የጥንት ቴአትር ሲቆፍሩ ቁመቱ 82 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የኖራ ድንጋይ አገኙ። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበሩ ግንበኞች ድንጋዩን ከነበረበት አንሥተው ደረጃ አድርገውታል። የታላቁ ገዢ ስም የሰው መረገጫ ሆነ ማለት ነው! ጽሑፉ በሮማይስጥ ነው፤ ይህም በጌታችን መስቀል ላይ ጽሕፈቱ ከተጻፈባቸው ከሦስቱ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከፊሉ ተሰብሮ ቢጠፋም የጲላጦስ ስም፣ «ፕሪፌክት» ከተባለው ሹመቱ የመጨረሻ ፊደላትና ለጢባርዮስ ቄሣር ክብር የተሠራው ሕንፃ ስም ይነበባሉ።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንምጣ። ታሲተስ የተባለው ሮማዊ የታሪክ ጸሐፊ በ116 ዓ.ም. ገደማ፣ በ64 ዓ.ም. ሮምን ስላወደመው እሳት ሲጽፍ፣ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ ትእዛዝ መገደሉን አስታውሷል። ታሲተስ ክርስቲያኖችን የሚንቅ ሰው ነበር። ስለዚህ ለወዳጆቹ አዳልቶ ጻፈ ሊባል አይችልም። ነገር ግን ጲላጦስን «ፕሮኩራተር» ይለዋል፤ ድንጋዩ ደግሞ «ፕሪፌክት» ይላል። ማንን እንመን? ሊቃውንቱ ድንጋዩን ይመርጣሉ፤ በጲላጦስ ዘመን የተጻፈ ነውና። ታሲተስ የተጠቀመው ከጲላጦስ በኋላ በተለመደው የሹመት ስም ነው። ወንጌላውያን ግን በቀላሉ «ገዢ» ይሉታል።

ዮሴፈስ የተባለው አይሁዳዊ ጸሐፊም በ93 ዓ.ም. ገደማ ስለ ጲላጦስ ጽፏል። ከቤተ መቅደሱ መዝገብ ገንዘብ ወስዶ የውኃ ቦይ እንዳሠራና የተቃወሙትን ሰዎች በወታደሮች እንዳስደበደበ ይናገራል። በዚሁ መጽሐፍ ስለ ጌታችንም የተጻፈ ክፍል አለ። ሆኖም ብዙዎቹ ሊቃውንት በኋላ ዘመን የነበሩ ክርስቲያን ገልባጮች በዚህ ክፍል ላይ የራሳቸውን ቃል ጨምረውበታል ይላሉ። ልጆች፣ ይህን መደበቅ አያስፈልገንም። እውነትን የምንወድ ከሆነ፣ ለእኛ የሚመች ቃል ስለሆነ ብቻ ሳይመረመር ይለፍ አንልም።

ድንጋዩ ስለ ክርስቶስ አንድም ቃል አይናገርም። የሚነግረን ጲላጦስ በእርግጥ የይሁዳ ገዢ እንደነበረ ነው። ጌታችን ከሙታን መነሣቱን የምናምነው ባዩት በሐዋርያት ምስክርነት ነው እንጂ በዶማ ተቆፍሮ በተገኘ ድንጋይ አይደለም። «ድንጋይ ተገኝቷልና ትንሣኤው ተረጋገጠ» ብሎ የሚከራከር ጓደኛ ቢገጥማችሁ፣ ቢረዳችሁም እንኳ አርሙት።

የጲላጦስ ፍጻሜስ? ዮሴፈስ እንደጻፈው፣ ሳምራውያንን በማስገደሉ ተከሶ ወደ ሮም ተላከ፤ ከመድረሱ በፊትም ጢባርዮስ ሞተ። ዮሴፈስ ከዚህ በላይ አልጻፈም። ቤተ ክርስቲያናችን ግን እጁን የታጠበውን ጲላጦስንና ሚስቱን አብሮቅላን በስንክሳር ሰኔ 25 ቀን ታስባቸዋለች። ይህ ከትውፊት የተቀበልነው እንጂ ከቁፋሮ የተገኘ አይደለም፤ ሁለቱን ለይታችሁ ያዙ።

ድንጋዩ ዛሬ በኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም ይገኛል። በቂሣርያ ያለው ቅጂው ነው።

ለሚቀጥለው ሰንበት፦ ሉቃስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 1 እና 2ን አንብቡ። ሰባት ባለ ሥልጣናት ተጠቅሰዋል። ስማቸውን በደብተራችሁ ጻፉ፤ ጌታችን በተያዘ ጊዜ የቀረበው በየትኞቹ አራቱ ፊት እንደነበረም ለዩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።